ከቀረጻ በኋላ፦ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም የማጠናቀቂያ ሥራና የኢትዮጵያ ድርሻ

ሰኞ ሰኞ በባቲ ገበያ ከደጋ የወረደ እህልና ከቆላ የወጣ ግመል ይገናኛል። ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ ሸጦና ገዝቶ ሲመለስ፣ ከከተማዋ በስተምሥራቅ የሚያቆለቁለው መንገድ ወደ ሚሌ ይወርዳል። ከዚያም ወዲያ በስተሰሜን ርቆ፣ ከባሕር ወለል በታች በሆነው የአፋር ምድር፣ ዳሎል ይገኛል። የዳሎልን ጨውና ድኝ፣ ቢጫና አረንጓዴ ፍል ውሃ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም ያየ የውጭ አገር ተመልካች ቦታው ከዚህች ዓለም መሆኑን ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ለባቲ ሰው ግን ወደዚያ አቅጣጫ የሚወስደው መንገድ የጎረቤት መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ለሕዝብ የቀረበው «ክራምብስ» የተባለው ፊልም፣ ስሙ በአማርኛ «ፍርፋሪ» እንደ ማለት ነው፣ ይህንን ምድር መልኩን ሳይለውጥ ተጠቅሞበታል። ፊልሙ ታሪኩን ከዓለም ጥፋት በኋላ በምትገኝ ኢትዮጵያ ላይ የመሠረተና በአማርኛ የሚናገር ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። ስለዚህ ፊልም ሲወሳ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የተዋንያኑና የመልክዓ ምድሩ ጉዳይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ካሜራው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ የሚጀመረው ሥራ ነው። ይኸውም የተቀረጸውን መምረጥ፣ መቁረጥና ማጋጠም፣ በሥዕል ላይ ሌላ ሥዕል መደረብ፣ ድምፅ መትከል፣ ቀለም ማስተካከልና የመጨረሻውን ቅጅ ማውጣት ሲሆን፣ በጠቅላላው የድኅረ ቀረጻ ወይም የማጠናቀቂያ ሥራ ይባላል።

አንድ ፊልም ሁለት ጊዜ ይሠራል ቢባል ሐሰት አይሆንም። መጀመሪያ በመስክ፣ ቀጥሎ በመጋጠሚያው ጠረጴዛ ላይ ይሠራል። ኢትዮጵያ መሬቷንና ሰዎቿን በማቅረብ በመጀመሪያው ሥራ ስትካፈል ብዙ ዘመን ሆኗታል። በሁለተኛው ሥራ የነበራት ድርሻ ግን ለረጅም ጊዜ ጠባብ ሆኖ ቆይቷል። ይህ ልዩነት ምን እንዳስከተለ ለመረዳት በቅድሚያ ሥራው ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ መመልከት ያስፈልጋል።

ከብሩሽ እስከ ቁጥር

ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልየስ እ.ኤ.አ. በ1902 «ወደ ጨረቃ ጉዞ» የተሰኘውን አጭር ፊልም ሲሠራ፣ የማጠናቀቂያ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ አልነበረም። ሜልየስ ተአምሩን የሚሠራው በካሜራው ውስጥ ነበር። ካሜራውን አቁሞ ዕቃውን ይለውጥና እንደገና ያስነሣዋል፤ ወይም ፊልሙን ወደ ኋላ መልሶ በዚያው ላይ ሁለተኛ ሥዕል ያነሣበታል። ይሁን እንጂ ያን ጊዜም ቢሆን ከቀረጻ በኋላ የሚከናወን አንድ ከባድ ሥራ ነበር፤ እርሱም ቀለም መቀባት ነው። በፓሪስ ከተማ በኤሊዛቤት ቱዩዬ የሚመራው የቀለም ቤት ሴት ሠራተኞች የሜልየስን ፊልሞች አንዱን ሥዕል ከሌላው አስከትለው በቀጭን ብሩሽ በእጃቸው ይቀቡ ነበር። በእጅ ከተቀቡት የ«ወደ ጨረቃ ጉዞ» ቅጅዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1993 በባርሴሎና ተገኝቶ፣ ከብዙ ጥገና በኋላ በ2011 እንደገና ለመታየት በቅቷል። ፊልሙ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ የሚወስድ ቢሆንም ከ13 ሺህ በላይ ሥዕሎች አሉት። የሜልየስን ስም ዓለም ሁሉ ሲያውቀው የቀቢዎቹን ስም የሚያውቅ ግን የለም። የማጠናቀቂያ ሠራተኛ ዕጣ ከመጀመሪያው ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የመሐንዲሱ ዘመን መጣ። ፍሪትዝ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1927 ባወጣው «ሜትሮፖሊስ» ኦይገን ሹፍታን የተባለው ጀርመናዊ ባለሙያ መስተዋትን በካሜራው ፊት በ45 ዲግሪ አቁሞ፣ ከጀርባው ብር ከፊሉን ፈቀው። በተፋቀው በኩል ሕያዋን ተዋንያን ይታያሉ፤ ባልተፋቀው በኩል የትንሽ ሞዴል ነጸብራቅ ይታያል። ሁለቱም በአንድ ሥዕል ላይ ሲያርፉ ጥቂት ክንድ ቁመት ያለው ሞዴል ሰማይ ጠቀስ ከተማ ይሆናል። ይህ ዘዴ ገና በቀረጻው ሰዓት የሚከናወን ነበር። ሥራው ከመስክ ወደ ላቦራቶሪ ጨርሶ የገባው ኦፕቲካል ማተሚያ የተባለው መሣሪያ ከተስፋፋ በኋላ ነው። መሣሪያው አንድ ፕሮጀክተርና አንድ ካሜራ ፊት ለፊት የተተከሉበት ሲሆን፣ የተቀረጸውን ፊልም ሥዕል በሥዕል እያቆመ ወደ ሌላ ጥሬ ፊልም ይገለብጣል። በመካከሉ ጥቁር ጭምብል በማስገባት ከአንዱ ፊልም ሰውየውን፣ ከሌላው ሰማዩን ወስዶ በአንድ ላይ ማተም ይቻላል።

የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጉድለት ግልባጭ ሁሉ ከዋናው የሚያንስ መሆኑ ነው። ሥዕሉ በተገለበጠ ቁጥር ቅንጣቱ ይጎላል፤ ጥላው ዝርዝሩን ያጣል። ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣውን «2001፦ የጠፈር ጉዞ» ሲያዘጋጅ ከዚህ ጉድለት ለማምለጥ አድካሚ መንገድ መረጠ። ከፊሉ ሥዕል ብቻ የተነሣበትን ኔጋቲቭ ሳያሳጥብ ለወራት አስቀምጦ፣ በኋላ በዚያው ኔጋቲቭ ላይ የጎደለውን ክፍል አስነሣበት። አንድ ስሕተት ቢፈጠር የመጀመሪያውም ሥራ አብሮ ይጠፋ ነበር። በዚህም የተነሣ ከተዋንያኑ ጋር የተደረገው ቀረጻ ካበቃ በኋላ ለልዩ ኢፌክቱ ብቻ ከአንድ ዓመት በላይ ወስዷል።

ጆርጅ ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው «ስታር ዋርስ» ደግሞ ችግሩን በሌላ በኩል ፈታው። በካሊፎርኒያ፣ ቫን ናይስ በሚባል ቦታ በአንድ መጋዘን ውስጥ በጆን ዳይክስትራ መሪነት የተሠራው መሣሪያ፣ የካሜራውን እንቅስቃሴ በኤሌክትሪክ ሞተሮች እየመራና እየመዘገበ ያንኑ እንቅስቃሴ ሳያዛባ የሚደግም ነበር። የመንኮራኩሩ ሞዴል በሰማያዊ መጋረጃ ፊት ሳይንቀሳቀስ ይቆማል፤ የሚንቀሳቀሰው ካሜራው ነው። እንቅስቃሴው በትክክል ስለሚደገም መንኮራኩሩን፣ መብራቱንና ጭምብሉን ለየብቻ አንሥቶ በኋላ ማጋጠም ተቻለ። ከ350 በላይ የሆኑት የፊልሙ ልዩ ኢፌክቶች በዚህ ዓይነት ተሠሩ። ለዚህ ጽሑፍ የሚበጀው ግን ሌላ ነጥብ ነው። የፊልሙ ምድረ በዳ የተቀረጸው በቱኒዚያ ነበር፤ ታቱዊን የተባለችው የቱኒዚያ ከተማም ለፊልሙ ፕላኔት ስም መነሻ ሆናለች። አሸዋው ከአፍሪካ ተወሰደ፤ አሸዋውን ሌላ ዓለም ያደረገው እጅ ግን በካሊፎርኒያ ነበር።

የመጨረሻው እርምጃ ጭምብሉን ወደ ቁጥር መለወጥ ሆነ። ኤድ ካትመልና አልቪ ሬይ ስሚዝ በ1970ዎቹ መጨረሻ ያፈለቁትን ሐሳብ ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ በሥርዓት አስቀመጡት። በኮምፒዩተር የተያዘ ሥዕል እያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን አለው። እነርሱ በእነዚህ ላይ ከዜሮ እስከ አንድ የሆነ አራተኛ ቁጥር ጨመሩበት። ቁጥሩ አንድ ከሆነ የፊተኛው ሥዕል ብቻ ይታያል፤ ዜሮ ከሆነ የኋለኛው ብቻ ይታያል፤ ሦስት አሥረኛ ከሆነ ከፊተኛው ሦስት እጅ፣ ከኋለኛው ሰባት እጅ ተወስዶ ይደመራል። በኦፕቲካል ማተሚያው ዘመን ብዙ ባለሙያዎችን ሌት ተቀን ያደከመው ሥራ ሁለት ማባዛትና አንድ መደመር ሆነ። ግልባጩም ከዋናው ማነሱ ቀረ።

ወሎ ያየው ቅንብር

የመቁረጥና የማጋጠም ኃይል ለመንኮራኩር ሥዕል ብቻ የተሰጠ አይደለም። ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ከአብዮቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት የአንድን ተዋናይ ፊት፣ ምንም ስሜት ሳይታይበት፣ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሣህን፣ አንድ ጊዜ ከሬሣ ሣጥን፣ አንድ ጊዜ ከቆንጆ ሴት ሥዕል ጋር አጋጥሞ አሳየ። ተመልካቾች በአንዱ ፊት ላይ ረኀብን፣ ኀዘንንና ፍቅርን አነበቡ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ትርጉም በሥዕሉ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሁለት ሥዕሎች መጋጠሚያ ላይ እንደሚገኝ ነው።

ይህ ትምህርት በኢትዮጵያ እንደ ወሎ በጉልህ የታየበት ቦታ የለም። ከሚሴና ባቲ በዚያን ጊዜ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበሩ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የደረሰውን ረኀብ አስቀርጾ ያዘጋጀው ፊልም፣ «ያልታወቀው ረኀብ» የሚል ስም ተሰጥቶት፣ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ታየ። ሥዕሉ እውነተኛ ነበር፤ ዓላማውም ሰብአዊ እርዳታ ማሰባሰብ ነበር። አንድ ዓመት ሳይሞላው ግን ይኸው ፊልም በደርግ ትእዛዝ እንደገና ተቆርጦ ተጋጠመ። በረኀብተኞቹ ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳይ ሥዕል ገባበት። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ፊልሙ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

በፊልሙ ከታዩት ሥዕሎች አንዱም በሐሰት የተቀረጸ አልነበረም። ረኀቡም እውነት ነው፤ ግብዣውም እውነት ነው። የተፈጠረው መጋጠሚያው ነው። ረኀቡ ተደብቆ መቆየቱ ያስቆጣው ሰው መጋጠሚያውን ፍትሕ ብሎ ሊጠራው ይችላል። ሌላው ደግሞ በሁለት የተለያዩ ጊዜያት የተነሡ ሥዕሎች የአንድ ቀን ድርጊት መስለው መቅረባቸውን ይነቅፍ ይሆናል። በሁለቱም ወገን የማይካደው ግን በካሜራ ፊት የቆመው የወሎ ገበሬ ሥዕሉ ምን እንደሚል የመወሰን ድርሻ ያልነበረው መሆኑ ነው። በመጀመሪያ በለንደን፣ ቀጥሎ በአዲስ አበባ ሌሎች ወሰኑለት።

የልብ ወለዱም ፊልም ቢሆን ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ኃይሌ ገሪማ በአሜሪካ የፊልም ትምህርት ላይ ሳለ በ1966 ዓ.ም. ክረምት ወደ አገሩ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» የተሰኘውን ፊልም በ16 ሚሊ ሜትር በጥቁርና ነጭ ቀረጸ። ቀረጻው የፈጀው ሁለት ሳምንት ያህል ሲሆን፣ ፊልሙ ለተመልካች የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በሁለት ሳምንትና በሁለት ዓመት መካከል ያለው ርቀት የመጋጠሚያው ጠረጴዛ ርቀት ነው። ኮምፒዩተር የቪዲዮ ሥዕል ለመቁረጥ እስከሚበቃ ድረስ፣ ፊልም ለሚሠራ ኢትዮጵያዊ ያ ጠረጴዛ በአብዛኛው ባሕር ማዶ ነበር።

የዛገው መንኮራኩር

ወደ «ክራምብስ» ስንመለስ፣ የፊልሙ አዘጋጅ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ሲሆን ዋናዎቹ ተዋንያን ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው። ፊልሙ 68 ደቂቃ የሚወስድ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2015 በሮተርዳም የፊልም በዓል ላይ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ከታላቅ ጥፋት በኋላ ጥቂት ሰዎች ከቀደመው ዓለም በተረፈ ቁርጥራጭ ይኖራሉ። የላስቲክ አሻንጉሊትና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ውድ ቅርስ ይታያሉ፤ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ የማይክል ጆርዳን ምስል ይመለክበታል። ለብዙ ዘመን በሰማይ ተንጠልጥሎ የዛገ አንድ መንኮራኩር አለ። ይህ መንኮራኩር የመነሣት ምልክት ባሳየ ጊዜ፣ ከሌላ ዓለም የመጣሁ ነኝ ብሎ የሚያምነው ሰው አገሩ የሚገባበትን መንገድ ፍለጋ ይነሣል።

ይህንን ፊልም ከደቡብ አፍሪካው «ዲስትሪክት 9» ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በኒል ብሎምካምፕ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ይህ ፊልም በጆሐንስበርግ ሰማይ ላይ የቆመ ታላቅ መንኮራኩር ያሳያል። ለሥራው 30 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጪ ሲደረግ፣ ከሌላ ዓለም የመጡት ፍጡራን በአብዛኛው የተሠሩት በካናዳ ከተማ በቫንኩቨር ነው። ፍጡራኑ በየሥዕሉ ከሰው ጋር ሲጋፉና ሲነጋገሩ ስለሚታዩ የማጠናቀቂያው ሥራ የፊልሙን ሸክም የተሸከመ ነበር ማለት ይቻላል። «ክራምብስ» እንዲህ ያለ ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ሸክሙን ወደ መስክ መለሰው። ሌላው ፊልም በኮምፒዩተር የሚፈጥረውን ባዕድ ምድር ከዳሎል አገኘው፤ ሌላው በብዙ ድካም የሚያስመስለውን የሥልጣኔ ፍራሽ ከእውነተኛው ዝገት አገኘው። ለማጠናቀቂያው የተረፈው ዋና ተግባር ከሁሉም በላይ ያለውን ዕቃ፣ መንኮራኩሩን፣ በሰማዩ ላይ ማንጠልጠል ነበር።

ይህ ብልሃት ከድህነት የመጣ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። በመሐንዲስነት ሥራ ሸክም ከአንዱ አካል ወደ ሌላው ሲዛወር ዲዛይን ይባላል። «ክራምብስ» የሚያስተምረው የማጠናቀቂያው ሥራ ሲያንስ የቦታው ምርጫ ማደግ እንዳለበት፣ ሁለቱም ከመጀመሪያው አብረው መታቀድ እንዳለባቸው ነው። ከዚህም ሌላ ፊልሙ ቱኒዚያ ከደረሰባት ዕጣ በአንድ ነገር ይለያል። ምድሩ ስሙን ለውጦ የሌላ ፕላኔት ምድር አልሆነም። ኢትዮጵያ ኢትዮጵያ እንደሆነች ቆየች፤ የተለወጠው ዘመኑ ብቻ ነው።

ከጨፋ ሜዳ በላይ

የማጠናቀቂያ ሥራ ምን ዓይነት ዕውቀት እንደሚጠይቅ በግልጽ ለማየት አንድ የሐሳብ ምሳሌ እንውሰድ። ከሚሴ ከተማ አጠገብ፣ የቦርከና ወንዝ በሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ላይ፣ የበጋው ወራት ሲከር የኦሮሞውና የአፋሩ ከብት ለሣርና ለውሃ ይሰበሰባል። በዚህ ሜዳ ላይ በሰማይ የተንጠለጠለ፣ ወርዱ 1 ኪሎ ሜትር የሆነ መንኮራኩር ለ10 ሴኮንድ ማሳየት ቢፈለግ፣ ከቀረጻው በኋላ ምን ይሠራል?

በመጀመሪያ መጠኑ ይሰላል። መንኮራኩሩ ከካሜራው 10 ኪሎ ሜትር ይርቃል ቢባል በዓይን ፊት የሚይዘው ማዕዘን ወደ 6 ዲግሪ ይጠጋል። ሌንሱ 40 ዲግሪ የሚያይ ከሆነ መንኮራኩሩ የሥዕሉን ወርድ አንድ ሰባተኛ ያህል ብቻ ይይዛል። ግዙፍ ለማስመሰል ብሎ አለልክ ማተለቅ ተመልካቹን ያስጠረጥራል፤ ግዝፈቱን የሚናገረው ከፊቱ ያለው ነገር ነውና።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። ቀረጻው የተደረገበት ሰዓትና የፀሐይ አቅጣጫ ካልተመዘገበ መንኮራኩሩ በአንድ ፀሐይ፣ ከብቱ በሌላ ፀሐይ የበራ ይሆናል። ፀሐይዋ በ45 ዲግሪ ላይ ብትሆንና መንኮራኩሩ በ2 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቢቆም፣ ጥላው በሜዳው ላይ ከሥሩ 2 ኪሎ ሜትር ርቆ ያርፋል። በዚያ ጥላ ውስጥ የሚገባው ሣርና የከብት ጀርባ ሁሉ በየሥዕሉ መጨለም አለበት።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው አየሩ ነው። ሩቅ ተራራ ከቅርብ ተራራ የሚገረጣው በመካከል ባለው አየር ምክንያት ነው። በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት ያለ መንኮራኩርም በዚያው ርቀት እንዳለው ተራራ መገርጣት ይኖርበታል። ከመንጋ እግር የሚነሣው አቧራ፣ ከረግረጉ የሚወጣው የማለዳ ጉም፣ የቀትሩ ግለት ሥዕሉን የሚያርገበግብበት ሁኔታ በመጽሐፍ የሚገኝ ቁጥር የለውም። በቫንኩቨር የተቀመጠ ባለሙያ ይህንን በግምት ይሠራል፤ በከሚሴ ያደገ ባለሙያ ግን ስሕተቱን ገና ሲያየው ያውቀዋል።

አራተኛው ጠርዝ ነው። መንኮራኩሩ ከባሕር ዛፍ ጀርባ የሚያልፍ ከሆነ በቅጠሉ መካከል ያለው ሰማይ ነጥብ በነጥብ መለየት አለበት። ቀደም ሲል የተነገረው ከዜሮ እስከ አንድ የሆነው ቁጥር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅጠል ዳር ዜሮም አንድም አይደለምና። ፊልም በሴኮንድ 24 ሥዕል ስለሚያሳይ ይህ ሁሉ በ10 ሴኮንድ ውስጥ 240 ጊዜ ይደገማል። ሥራው በደንብ ከተሠራ ደግሞ ተመልካቹ መሠራቱን አያውቅም።

በመጨረሻም ድምፅ አለ። የ«ስታር ዋርስ» የድምፅ ባለሙያ ቤን በርት የመሣሪያውን የተኩስ ድምፅ ያገኘው የአንቴና ማማ የተወጠረበትን የብረት ገመድ በመምታት ነው። ያልነበረ ነገር ድምፅ ከነበረ ነገር ይወሰዳል። ለጨፋው መንኮራኩርም ቢሆን የዲናሞ ጉምጉምታ ወይም የወፍጮ ቤት ሞተር ከሩቅ ሲሰማ ያለው ድምፅ ሊበቃ ይችላል። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው ምናልባት የከብቱ ቃጭል በአንድ ጊዜ ዝም ማለቱ ይሆናል። ይህንን የሚያውቅ ግን ቃጭሉን ሰምቶ ያደገ ሰው ነው።

የቋንቋ ነገር

ድምፅ ከተነሣ ዘንድ ስለ ቋንቋም መናገር ይገባል። ሚጌል ያንሶ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሁለተኛ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ዳንኤል ታደሰ እንደገና ዋና ተዋናይ ሆኖ ቀርቧል። በዚህ ፊልም ንግግሩ ሁሉ ከቀረጻ በኋላ በእንግሊዝኛ የተተከለ ሲሆን፣ ከአፍ እንቅስቃሴ ጋር አለመግጠሙ ሆን ተብሎ ለቀልድ ተትቷል። ድምፅን ከአፍ መለየት በልብ ወለድ ፊልም ምን ያህል ነጻነት እንደሚሰጥ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

በአገር ውስጥ ይህ ሙያ በብዛት የተሠራበት አጋጣሚ በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የቃና ቴሌቪዥን ነው። ጣቢያው የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እየተከለ ማቅረብ ሲጀምር፣ የአገሩን ድራማ ያቀጭጫል በማለት ከኪነ ጥበብ ሰዎች ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶበት ነበር። ተቃውሞው የሚጠበቅ ነው። ይሁንና ከሙያ አንጻር ሲታይ፣ ቃልን ከአፍ እንቅስቃሴ ጋር የሚያስማሙ ተርጓሚዎች፣ በድምፅ ብቻ የሚተውኑ ተዋንያንና ድምፅን የሚቀይጡ ባለሙያዎች በአዲስ አበባ ተቀጥረው በየቀኑ እንዲሠሩ አድርጓል። አንድ የማጠናቀቂያ ዘርፍ በአገር ውስጥ በኢንዱስትሪ ደረጃ ሊቆም እንደሚችል በዚህ ታይቷል። ለከሚሴና ለአካባቢዋ ጉዳዩ የራሱ ትርጉም አለው። በዞኑ አብዛኛው ሰው አፍ የፈታው በኦሮምኛ ነው። አንድ ፊልም በአማርኛ ተቀርጾ ኦሮምኛ፣ በኦሮምኛ ተቀርጾ አማርኛ የሚናገርበት ቦታ የማጠናቀቂያው ክፍል ነው። የባቲ ገበያ በየሳምንቱ በቃል የሚሠራውን የማስማማት ሥራ ፊልሙ በዚያ ክፍል ይሠራዋል።

መደምደሚያ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ዓይነት መጋጠሚያ ታይቷል። አንደኛው ልብ ወለድ መሆኑን አስቀድሞ ተናግሮ መንኮራኩር በሰማይ ላይ የሚያንጠለጥል ነው። ተመልካቹ ስለሚያውቅ አይታለልም፤ ይደሰታል እንጂ። ሁለተኛው መጋጠሚያ መሆኑን ሳይናገር እውነተኛ ሥዕሎችን አቀናጅቶ ሦስተኛ ነገር የሚናገር ነው። የሁለቱም መሣሪያ አንድ ነው። በ1967 ዓ.ም. ለሁለተኛው ዓይነት ቴሌቪዥን ጣቢያና የመቁረጫ ክፍል ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው ፕሮግራም በስልክ ላይ ያልነበረ ሰልፍ፣ ያልተቃጠለ ቤት፣ ያልተነገረ ንግግር ይሠራል። ቂምና ሥጋት ባለበት አገር አንድ የሐሰት መጋጠሚያ ምን እንደሚያስከትል ለባለሙያ መንገር አያሻም። ሐሰቱን ለይቶ ማሳየት የሚችለው ደግሞ ያው የማጠናቀቂያ ባለሙያ ነው። ጥላው ከፀሐይዋ ጋር አለመስማማቱን፣ ሩቁ ነገር አለመገርጣቱን፣ የቅጠሉ ጠርዝ መቆራረጡን የሚያየው ራሱ ሠርቶት የሚያውቅ ዓይን ነው።

ስለዚህ የማጠናቀቂያ ሥራን ወደ አገር ማምጣት የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። መሣሪያው ድሮ እንደነበረው ውድ አይደለም፤ ኦፕቲካል ማተሚያ ከውጭ ማስመጣት ወይም ኔጋቲቭ ለማሳጠብ ወደ አውሮፓ መላክ ቀርቷል። የሚቀረው የሰው ትምህርትና ጥንቃቄ የተመላበት የሥዕል መዝገብ ነው። ብርሃን እንዴት እንደሚወድቅ፣ ድምፅ እንዴት እንደሚለካ፣ ቁጥር እንዴት ሥዕል እንደሚሆን የሚያውቀው መሐንዲስም ከዚህ ሥራ ራሱን ውጭ አድርጎ ሊያይ አይችልም።

ካሜራ ይዘው ወደ ወሎ የመጡ ሰዎች የወሰዱት ሥዕል ብዙ ነው። ሥዕሉ ሌላ አገር ሄዶ፣ ተቆርጦና ተጋጥሞ፣ የሌላ ሰው ንግግር ሆኖ ተመልሷል። በጨፋ ሜዳ ላይ መንኮራኩር የሚያንጠለጥል ፊልም አንድ ቀን ቢሠራ፣ ተመልካቹ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው የመንኮራኩሩን መልክ ይሆናል። የከሚሴ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያየው ከበስተኋላው ያሉትን ተራሮች ነው፤ የገረጡትም በማለዳው ጉም ወይስ በቀትሩ አቧራ እንደሆነ ገና ሲያያቸው ይለያል።